መድኃኒቱ ከተዋጠ በኋላ፦ የአንባብያን ጥያቄዎችና የፋርማሲስት መልሶች

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ መድኃኒት በስንት ሰዓት፣ ከምን ምግብ ጋር፣ በምን መልኩ ይወሰድ የሚሉ ናቸው። ላይ ላዩን የተለያዩ ቢመስሉም ውስጣቸው አንድ ነው፤ መድኃኒት ወደ ደም እንዴት ይገባል፣ በሰውነት ውስጥ የት የት ይደርሳል፣ ወደ ምን ይለወጣል፣ በመጨረሻስ በየት በኩል ይወጣል? በፋርማሲ መስኮት «ከምግብ በኋላ»፣ «በየ8 ሰዓቱ» እየተባለ የሚነገረው መመሪያ ከነምክንያቱ ስለማይነገር ብዙ ሰው እንደ ተራ ልማድ ቆጥሮ ያልፈዋል። ታካሚ ምክንያቱን ሊነገረው ይገባል ብዬ ስለማምን፣ በየመልሱ ውስጥ ምክንያቱን ከፍዬ ለማሳየት ጥሬአለሁ።

ጥያቄ፦ «ወባ ይዞኝ ኮአርተም ታዘዘልኝ። ባለሙያዋ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር እንድወስደው ነገረችኝ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለ ነበረ ግን ወተት ትቼ ሦስቱንም ቀን በባዶ ሆዴ በውሃ ብቻ ወሰድሁት። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ለቀቀኝ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰብኝ። መድኃኒቱ የማይሠራ ሆኖ ነው?» (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ ሕመሙ የተመለሰው ከአዲስ የትንኝ ንክሻ ይሁን ከቀድሞው ተሕዋስ ትራፊ በደብዳቤ መለየት አይቻልም። ይሁን እንጂ በባዶ ሆድ መውሰድዎ ሁለተኛውን ግምት በጣም ያጠናክረዋል። በአንዱ ኪኒን ውስጥ ሁለት መድኃኒቶች አሉ፤ 20 ሚሊግራም አርቴሜተርና 120 ሚሊግራም ሉሜፋንትሪን። አርቴሜተር ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እጅግ ብዙውን ተሕዋስ ይገድላል፣ በዚያው ፍጥነትም ከሰውነት ይጠፋል። ትኩሳትዎን በሁለተኛው ቀን ያበረደልዎ እርሱ ነው። የተረፉትን ጥቂት ተሕዋስያን የመጨረሱ ሥራ ግን በደም ውስጥ ለቀናት የሚቆየው የሉሜፋንትሪን ነው።

ችግሩ ሉሜፋንትሪን በውሃ የማይሟሟ፣ ቅባት የሚፈልግ መድኃኒት መሆኑ ነው። ቅባት ትንሹ አንጀት ሲደርስ ሐሞት ይፈስስበታል፤ ቅባቱ ወደ ደቀቁ ጠብታዎች ይበተናል፤ መድኃኒቱም በእነዚያ ጠብታዎች ውስጥ ሟሙቶ የአንጀቱን ግድግዳ ያልፋል። ቅባት ከሌለ አብዛኛው ሳይሟሟ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። በጤናማ ሰዎች ላይ በተደረገ ልኬት፣ ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር የተወሰደ ሉሜፋንትሪን በባዶ ሆድ ከተወሰደው 16 እጥፍ ያህል ወደ ደም ገብቷል፤ የአርቴሜተር ልዩነት ግን ከ2 እስከ 3 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በባዶ ሆድ የወሰደ ሰው ከፈጣኑ መድኃኒት በቂ ያህል አግኝቶ ትኩሳቱ ይበርድለትና የዳነ ይመስለዋል፤ የማጽዳቱን ሥራ የሚሠራው ሁለተኛው መድኃኒት ግን ከደሙ የለም። ያሳሰበኝም ይህ የመዳን ስሜት አሳሳች መሆኑ ነው።

ጾሙን በተመለከተ ደግሞ የሚያጽናና ነገር አለ። ባለሙያዋ ወተት ያለችው ቅባት ስላለው እንጂ ወተት መሆኑ ስለሚያስፈልግ አይደለም። በአንድ ጥናት 36 ሚሊሊትር የአኩሪ አተር ወተት፣ በውስጡ 1.2 ግራም ቅባት ብቻ የያዘው፣ ሉሜፋንትሪን ብዙ ቅባት ሲያገኝ ከሚገባው መጠን 90 በመቶ ያህሉን ለማስገባት በቅቷል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ከዚህ በሦስት እጥፍ የሚበልጥ ቅባት አለው። በዘይት የተሠራ ሽሮ ወይም ምስር፣ አንድ እፍኝ ለውዝ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ሁሉም ይበቃሉ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እስከ 9 ሰዓት በሚጾምበት ወቅት ነው፤ የጠዋቱን መጠን ያለ ምግብ መውሰድ ሕክምናውን ያጎድለዋልና፣ በሕመም ጊዜ ስለ ሰዓቱ ከንስሐ አባትዎ ጋር ቢመካከሩ መልካም ነው። አሁን ግን ያንኑ መድኃኒት በራስዎ ገዝተው እንዳይደግሙ አደራ እላለሁ፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ደምዎን ያስመርምሩ፣ የቀደመውን በባዶ ሆድ መውሰድዎንም ሳይሸሽጉ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ «የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የደም ማነስ ስላለብኝ የአይረን ኪኒን ይሰጠኛል። ጠዋት ከቡናዬ ጋር እወስደዋለሁ። የኤችአይቪ መድኃኒቴንም በዚያው ሰዓት እውጣለሁ። ችግር አለው?» (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አዎ፣ ሁለት ችግሮች አሉበት፤ ሁለቱም ግን በሰዓት ማስተካከል ብቻ ይወገዳሉ። በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ብረቱን በአንጀት ውስጥ ይይዙትና እንዳይመጠጥ ያደርጉታል፤ ስለዚህ በአይረኑና በቡናው መካከል ቢያንስ የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑር። አይረኑን ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጭማቂ ጋር መውሰድ ደግሞ መመጠጡን ያግዛል። ሁለተኛው የበለጠ ትኩረት ይሻል። የሚወስዱት የኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር ያለበት ከሆነ፣ ብረትና ካልሲየም አንጀት ውስጥ ተጣብቀውት ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሱታል። ሆድዎ ባዶ ከሆነ ዶሉቴግራቪሩን ከአይረኑ 2 ሰዓት ቀድመው ወይም 6 ሰዓት ዘግይተው ይውሰዱ፤ ሁለቱን በአንድ ላይ መውሰድ ግድ ከሆነብዎ ከምግብ ጋር ያድርጉት። ለልጅዎ ሲሉ ይህን በሚቀጥለው የክትትል ቀን ከባለሙያው ጋር በግልጽ ይነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ «እናቴ መርፌ ካልተወጋች የታከመች አይመስላትም። ሐኪሙ ኪኒን ሲያዝላት ‹ንቆኝ ነው› ትላለች። በእርግጥ መርፌ ከኪኒን ይበረታል?» (ከአዳማ)

መልስ፦ የእናትዎ አስተሳሰብ በአገራችን በጣም የተስፋፋ ነው፤ ሙሉ በሙሉ መሠረት የሌለውም አይደለም። የምንውጠው መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም ከገባ በኋላ በቀጥታ ወደ ልብና ወደ ሌላው አካል አይሄድም። ከሆድ ዕቃ የሚነሡት የደም ሥሮች ተሰብስበው መጀመሪያ ወደ ጉበት ይገባሉ። ጉበት በመንገድ ላይ እንዳለ ኬላ ነው፤ አንዳንዱን መድኃኒት ሳይነካ ያሳልፋል፣ ከአንዳንዱ ላይ ግን አብዛኛውን ለውጦ ያስቀራል። የተዋጠ ሞርፊን ይህን አልፎ ወደ ሰውነት የሚደርሰው ሲሶው ገደማ ነው፤ ስለዚህም የሚዋጠው መጠን ከሚወጋው ይበልጣል። የልብ ሕመምተኞች ናይትሮግሊሰሪንን ከምላሳቸው ሥር የሚያስቀምጡት ከዚያ የሚነሡት የደም ሥሮች ጉበትን ሳይነኩ ወደ ልብ ስለሚወስዱት ነው፤ ቢውጡት ጉበት ሊያጠፋው ምንም ያህል አይቀረውም። ኢንሱሊን ደግሞ ፕሮቲን ስለሆነ እንደ ሥጋ ሁሉ በሆድ ውስጥ ይፈጫል። ጄንታማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ ሳይፈጭ ቢቆይም የአንጀቱን ግድግዳ ማለፍ አይችልም። እነዚህን መርፌ ሆነው ማየታችን ተፈጥሯቸው ስለሚያስገድድ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ መርፌ ሁልጊዜ ይበረታል ማለት ስሕተት ነው። ሜትሮኒዳዞል ሲዋጥ ከሞላ ጎደል ሙሉው ወደ ደም ይገባል። ዶክሲሳይክሊንና ፍሉኮናዞል ከ90 በመቶ በላይ ይመጠጣሉ። በእነዚህ መድኃኒቶች ረገድ መዋጥ የሚችል ሰው በመርፌ ስለ ተሰጠው ብቻ የሚያገኘው ተጨማሪ ጥቅም የለም፤ ይልቁንም የተወጋበት ቦታ ማመርቀዝ፣ የነርቭ መጎዳት፣ ካልተጠነቀቁም የበሽታ መተላለፍ ሊከተል ይችላል። ሌላም አለ፤ የሚዋጥ መድኃኒት አለርጂ ቢያስነሣ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ይታያል፣ በደም ሥር የገባ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያጣድፋል፣ መመለሻም የለውም። መርፌ በትክክል የሚያስፈልግባቸው ጊዜያት አሉ፤ ሕመምተኛው ሲያስመልሰው፣ ራሱን ሲስት፣ ወባው ሲጠናበትና አርቴሱኔት በመርፌ ሲታዘዝለት፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ሲሰራጭ። እናትዎን ሐኪሙ ኪኒን ያዘዘላቸው በሽታቸውን አቅልሎ ሳይሆን አንጀታቸው ሥራውን በሚገባ እንደሚሠራ ስላወቀ መሆኑን በአክብሮት ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ «ልጄ ከአሜሪካ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት ትልክልኛለች። በዓይነ ምድሬ ውስጥ ኪኒኑን እንዳለ አየሁት። ስለዚህ እየፈጨሁ መውሰድ ጀመርሁ።» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አባቴ፣ መፍጨቱን ዛሬውኑ ያቁሙ። የተላከልዎ ቀስ እያለ የሚለቀቀው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም፤ በቀን አንድ ጊዜ ከእራት ጋር የሚወሰደው። በዚህ ኪኒን ውስጥ መድኃኒቱ የተቀመጠው ውሃ ሲነካው እንደ ሊጥ በሚያብጥ ነገር ውስጥ ሲሆን፣ መድኃኒቱ በብዙ ሰዓታት ውስጥ ጥቂት በጥቂቱ ይወጣና ባዶው ቅርፊት ብቻ ይወገዳል። ያዩት ያንን ባዶ ነው። ሲፈጩት ግን ለሙሉ ቀን የታሰበው መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል።

ስለ ሜትፎርሚን አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ብዙ መድኃኒቶችን ጉበት ይለውጣቸዋል፤ ሜትፎርሚንን ግን አይነካውም። እንደ ገባ ሳይለወጥ በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል። ስለዚህ የኩላሊት አቅም ሲቀንስ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ የኩላሊት የማጣራት አቅም በላቦራቶሪው ቁጥር ከ30 በታች ከወረደ ጭራሹን አይወሰድም። ከባሕር ማዶ በሚላክ መድኃኒት የሚታከሙ ወላጆቻችን መድኃኒቱን ያለማቋረጥ ያገኛሉ፣ ምርመራውን ግን አያገኙም፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በፊት የኩላሊት ችግር ከታየብዎ ደግሞ በየጊዜው፣ የኩላሊትን አቅም የሚያሳየውን የክሬአቲኒን ምርመራ ያድርጉ፤ የመድኃኒቱንም ካርቶን ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ «ልጄን በቀዶ ሕክምና ከወለድሁ በኋላ ለሕመሙ ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ሰጡኝ። ሁለት ኪኒን ወስጄ ራሴን እስከ መሳት ደነዘዝሁ። እዚያው ክፍል የተኛችው ሌላ እናት ግን ያንኑ ወስዳ ምንም አልተሰማትም። ነርሷ ‹ደክሞሽ ነው› አለችኝ። ጡት እያጠባሁ ነበር። ምን ሆኜ ነው?» (ከእስራኤል፣ ሬሆቮት)

መልስ፦ ይህ ደብዳቤ በስፋት እንዲመለስ የፈለግሁት ነው፤ ምክንያቱም የእኛን ሕዝብ በተለየ ሁኔታ ይመለከታል፤ በውጭ አገር የሚያክሙ ባለሙያዎች ደግሞ ሁልጊዜ አያስታውሱትም።

ኮዴይን ራሱ ደካማ ማስታገሻ ነው። ሕመም የሚያስታግሰው ዋናው ኃይሉ የሚመጣው ጉበት ጥቂቱን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ይህን የሚሠራው ሲዋይፒ-2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ከሰው ሰው በእጅጉ ይለያያል። ከአውሮፓውያን መካከል ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑት የሚሠራ ቅጂ ስለሌላቸው ኮዴይን ቢውጡ ሞርፊን አያገኙም፤ ሕመማቸውም አይበርድም። ያችኛዋ እናት ከእነዚህ አንዷ ልትሆን ትችላለች። በተቃራኒው ይህ ዘረመል በአንዱ ክሮሞሶማቸው ላይ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ተደጋግሞ የሚገኝባቸው ሰዎች አሉ። እነርሱ ኮዴይኑን በፍጥነትና በብዛት ወደ ሞርፊን ይለውጡታል፤ ለሌላው ሰው ልክ የሆነው መጠን ለእነርሱ ከልክ ያለፈ ሞርፊን ይሆናል። በስዊድናውያን ዘንድ እነዚህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት በኢትዮጵያውያን ዘንድ 29 በመቶ ሆነው ተገኙ። ከሦስት ወይም ከአራት ሰው አንዱ ማለት ነው።

ይህ በሽታ አይደለም፣ ጉድለትም አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ በጥንት ዘመን መራራና መርዛማ ዕፀዋትን ለምግብነት መጠቀም የግድ በነበረበት ጊዜ ይህን መርዝ ፈጥኖ የሚያከሽፍ ጉበት የነበራቸው ሰዎች የበለጠ በሕይወት ተርፈው ይሆናል የሚል መላ ምት አለ፤ መላ ምት ቢሆንም ሚዛን የሚደፋ ሆኖ ይታየኛል። የሚያስገርመው ሌላ ነገር ደግሞ ዘረመል ብቻውን ነገሩን የማይጨርሰው መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ የሚኖሩና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በተነጻጸሩበት ጥናት፣ ተመሳሳይ ዘረመል እያላቸው በአገር ቤት ያሉት በዚሁ ኢንዛይም መድኃኒት የሚለውጡበት ፍጥነት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። የምንበላውና የምንጠጣው፣ በአካባቢያችን ያለው ሁሉ በጉበት ሥራ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ አገር ቤት እያሉ በአንድ መድኃኒት ምንም ያልሆኑ ሰው በውጭ አገር ያንኑ ወስደው የተለየ ስሜት ቢሰማቸው ሊገርመን አይገባም።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። የደረሰብዎት በዚህ ምክንያት ነው ብዬ ሳልመረምር ልፈርድ አልችልም፤ ነገር ግን መግለጫዎ ከዚህ ጋር ይስማማል፣ በድካም ብቻ ሊታለፍም አይገባውም ነበር። ከሁሉ የሚያሳስበው ጡት ማጥባቱ ነው። በእናት ደም ውስጥ የበዛ ሞርፊን ወደ ወተት ያልፋል፤ የአራስ ልጅ ጉበትና ኩላሊት ደግሞ ገና ስላልጎለመሱ ቶሎ አያስወግዱትም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጥ፣ ኮዴይንም ሆነ ትራማዶል ለሚያጠቡ እናቶች እንዳይመከር ያስጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ትራማዶልም ኃይሉን የሚያገኘው በዚሁ ኢንዛይም በኩል ነው፤ በአገራችን በብዛት የሚታዘዝና ያለ ማዘዣም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር በመሆኑ ይህን ማወቅ ለአገር ቤት አንባብያንም ያስፈልጋል። አራስ ልጅ ከወትሮው በላይ ቢተኛ፣ ጡት መያዝ ቢያቅተው፣ አተነፋፈሱ ቢቀዘቅዝ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ከእንግዲህ ወደ ማንኛውም ሐኪም ሲሄዱ «ኮዴይን ወስጄ ከመጠን በላይ አደንዝዞኛል፣ በእኛ ሕዝብ ዘንድ ፈጥኖ የሚለውጥ ዘረመል ብዙ ነው» ብለው ይንገሩና በካርድዎ ላይ ያስጽፉት። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በዚህ ኢንዛይም ላይ የተመሠረቱ አይደሉም። ጠንካራ ማስታገሻ ካስፈለገም ሐኪሙ በቀጥታ ሞርፊንን በተለካ መጠን ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ የሚገባው መጠን የታወቀ ነው። የዘረመሉ ምርመራም ስላለ መጠየቅ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ «አሞክሲሲሊን በቀን ሦስት ጊዜ ታዘዘልኝ። ጠዋት፣ ምሳና እራት ላይ እወስዳለሁ። የምሳውን የምውጠው ጫት ላይ ተቀምጬ ነው። ጓደኛዬ ግን በቀን አንዴ፣ ለሦስት ቀን ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ተሰጠው። ለምን?» (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ልዩነቱ ያለው መድኃኒቶቹ ከሰውነት በሚወጡበት ፍጥነት ላይ ነው። አሞክሲሲሊን በደም ውስጥ ያለው መጠን በየአንድ ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ኩላሊት አጣርቶ ብቻ ሳይሆን እየገፋ ጭምር ወደ ሽንት ያስወጣዋል። አብዛኛው የፔኒሲሊን ቤተሰብ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 በኦክስፎርድ አልበርት አሌክሳንደር የተባለ የፖሊስ ባልደረባ በፔኒሲሊን ሲታከም የመድኃኒቱ ክምችት እጅግ አነስተኛ ስለ ነበር ሐኪሞቹ ሽንቱን እየሰበሰቡ መድኃኒቱን መልሰው ያወጡበት ነበር። ሰውየው እያገገመ ሳለ መድኃኒቱ አለቀና በመጋቢት ወር ሞተ። ሰውነቱ መድኃኒቱን ሳያበላሽ እንዲሁ ያስወጣው ስለ ነበር ነው ከሽንት መልሶ ማግኘት የተቻለው።

የጓደኛዎ መድኃኒት አዚትሮማይሲን ሳይሆን አይቀርም። እርሱ ከደም ወጥቶ ወደ ሕዋሳት ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም ቀስ እያለ ይመለሳል፤ በግማሽ ለመቀነስ ሦስት ቀን ገደማ ስለሚፈጅበት ኪኒኑ ካለቀ በኋላም ለቀናት መሥራቱን ይቀጥላል። ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ደግሞ ከዚህም አልፎ በአካላት ውስጥ ተከማችቶ ለሳምንታትና ለወራት ይቆያል።

አሞክሲሲሊን ባክቴሪያን የሚገድለው በደም ውስጥ ያለው መጠን ከሚፈለገው በላይ ሆኖ በቆየበት ጊዜ ርዝመት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ቢወስዱት ከማታው እስከ ጠዋቱ ያለው 13 ሰዓት ነው፤ የዚያ ጊዜ አብዛኛው ያለ መድኃኒት ያልፋል። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ቢያደርጉት እኩል ይከፋፈላል። አሞክሲሲሊን ምግብ ስለማያስተጓጉለው ከማዕድ ጋር ማያያዝ አያስፈልግም።

ስለ ጫቱ፣ በየመን በጤናማ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት ጫት መቃም ወደ ደም የሚገባውን የአምፒሲሊን መጠን በግልጽ እንደሚቀንስ፣ አሞክሲሲሊንንም በመጠኑ እንደሚነካ አሳይቷል፤ ተቅሞ ካበቃ ከ2 ሰዓት በኋላ ሲወሰድ ግን ተጽዕኖው አልታየም። የቀኑን መጠንዎን ጫት ላይ ተቀምጠው መውሰድ ስለዚህ አይበጅም። በሕመም ሰሞን ጫቱን ቢተዉት ደግሞ እንቅልፍዎም የምግብ ፍላጎትዎም ይመለሳል፤ ይህን የምለው ቶሎ እንዲያገግሙ ከልብ ስለምሻ ነው።

ጥያቄ፦ «የቲቢ ሕክምና ከጀመርሁ ወር ሆነኝ። ሽንቴ ብርቱካናማ ሆኗል፤ እንባዬም ሳይቀር። የወሊድ መከላከያ ኪኒንም እወስዳለሁ። የወር አበባዬ ተዛባ።» (ከጎንደር)

መልስ፦ ቀለሙ አያስፈራዎት። ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት ራሱ ቀይ ብርቱካናማ ስለሆነ በሽንት፣ በላብና በእንባ ሲወጣ ይታያል። የወር አበባው መዛባት ግን በቁም ነገር የሚታይ ነው። ሪፋምፒሲን የጉበትን ኢንዛይሞች ቁጥር ያበዛል፤ የበዙት ኢንዛይሞች ደግሞ በመከላከያው ኪኒን ውስጥ ያሉትን ሆርሞኖች ከወትሮው ፈጥነው ያጠፏቸዋል። ኪኒንዎን አንድም ቀን ሳይዘነጉ ወስደው ሊያረግዙ ይችላሉ። በክንድ ውስጥ የሚቀበረውም መከላከያ ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌና ሆርሞን የሌለበት ሉፕ ግን በዚህ አይነኩም። የቲቢ መድኃኒቱን በፍጹም እንዳያቋርጡ፤ የሚለወጠው መከላከያው ነው። የቲቢው ሕክምና ካበቃም በኋላ ጉበት ወደ ቀድሞው ሁኔታው ለመመለስ ጊዜ ስለሚፈልግ ለአንድ ወር ያህል ጥንቃቄውን ይቀጥሉ። በዚሁ ምክንያት ሪፋምፒሲንና ዶሉቴግራቪር አብረው የሚወስዱ ሰዎች ዶሉቴግራቪሩ በቀን አንድ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይሆንላቸዋል፤ ይህን ለመሰል ታካሚዎች ያካፍሉልኝ።

ጥያቄ፦ «የ79 ዓመት አባታችን ለእንቅልፍ ዲያዜፓም ይወስዳሉ። ዶዙ ልክ እኔ ከዓመታት በፊት ስወስደው የነበረው ነው። እርሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ይፈዝዛሉ፤ ባለፈው ሳምንት ወደቁ።» (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ዲያዜፓም በስብ ውስጥ የሚከማች መድኃኒት ነው። ሰው ሲያረጅ ጡንቻው ይቀንሳል፣ የስቡ ድርሻ ይጨምራል፤ መድኃኒቱም የሚደበቅበት ሰፊ ቦታ ያገኛል፣ ከዚያም ቀስ እያለ ወደ ደም ይመለሳል። ጉበትም ቀድሞ በሚሠራበት ፍጥነት አይሠራም። በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ አንድ ግምት አለ፤ ዲያዜፓም በግማሽ ለመቀነስ የሚወስድበት ሰዓት ከሰውየው ዕድሜ ጋር ይቀራረባል። በ20 ዓመት ወጣት 20 ሰዓት ገደማ፣ በ80 ዓመት አዛውንት 80 ሰዓትና ከዚያም በላይ። አባትዎ በየምሽቱ ሲወስዱ የትላንቱም፣ የትላንት በስቲያውም ገና አልወጣም፤ ጉበት ከዲያዜፓሙ የሚያወጣው ሌላው ንጥረ ነገርም እንዲሁ ያደነዝዛል፣ ከእርሱም ይልቅ ይቆያል። ሳምንት ሲሆን በደማቸው ውስጥ ያለው የአንድ ሌሊት መጠን ብዙ እጥፍ ነው። መፍዘዙም መውደቁም ከዚህ ሊመጣ ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት መሰበር ከእንቅልፍ ማጣት እጅግ የከፋ ነው።

ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ የወሰዱት ከሆነ ዛሬ በድንገት አይከልክሏቸው፤ ድንገተኛ ማቋረጥ መንቀጥቀጥና የሚጥል ሕመም ሊያስከትል ይችላል። በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪማቸው ይውሰዷቸውና መጠኑ በየሳምንታቱ ደረጃ በደረጃ እንዲቀነስ ያስወስኑ። እስከዚያው ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲነሡ የሚደግፋቸው ሰው ይኑር፣ መብራትም ይተውላቸው፤ አረቄ ወይም ሌላ የአልኮል መጠጥ ከመድኃኒቱ ጋር በአንድነት እንዳይወስዱ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ።